ከየት እንደሚያፈስ ሳታውቁ የታንኩን ቫልቭ አታስፈቱ

የአየር ጠመንጃዬን የምሞላበት ታንክ ማታ 300 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል፣ ጠዋት ቀንሶ ይጠብቀኛል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ጎሚኒውን ቀይረው!" መገጣጠሚያውን የሚደፍነውን የጎማ ቀለበት ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ ያለኝ አልነበረም።

ከሁሉ በፊት ሙቀቱን አስቡ። ታንክ ሲሞላ ይግላል። በ40 ዲግሪ 300 ባር ያሳየ ታንክ ወደ 20 ዲግሪ ሲበርድ፣ ምንም አየር ሳያመልጥ 280 ገደማ ይገባል። ስለዚህ በደንብ ከበረደ በኋላ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ማፍሰስ የሚባለው ከዚያ ወዲያ የሚቀንሰው ነው።

ቀጥሎ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀቡ። ቫልቩ ታንኩ ላይ የሚገባበትን አንገት፣ የጌጁን (የግፊት ማሳያውን) ሥር፣ ግፊት ሲበዛ የሚቀደደውን የደህንነት ዲስክ፣ መውጫውንም። አትቸኩሉ፤ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቦታ አረፋው የሚታየው ቆይቶ ነው። ቫልቩ ተዘግቶ መውጫው ላይ አረፋ ካበጠ፣ የተበላሸው ቫልቩ ሲዘጋ አየሩን የሚያግደው የውስጥ መቀመጫው ነው። የአንገቱን ጎሚኒ ብትቀይሩ ምንም አይፈይድም።

የእኔ የሚያፈሰው ከጌጁ ሥር ነበር። ወደ ጥገና ቤት ወስጄ አረፋውን አሳየሁት። ባለሙያው ግን "አንገቱ ነው፣ ሁሌም አንገቱ ነው" አለ። ታንኩን ባዶ አድርጎ ቫልቩን ፈታ። ከዚያ የካቻቢቴ ጫፍ ከጎሚኒው ሥር አስገብቶ ፈልቅቆ አወጣው። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ላይ ጭረት ቀረ፣ ቦዩን አቋርጦ። በዓይን ይታያል፣ በጥፍር ይሰማል። አሳየሁት። "ይሄ ምንም አይደለም፣ አዲሱ ጎሚኒ ይደፍነዋል" አለኝ።

አልደፈነውም። 300 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከ300 ኪሎ በላይ ጫና ነው። እንዲህ የተጫነ አየር በፀጉር ስፋት ጭረትም ያልፋል። ታንኩ ተሞልቶ ሲመለስ ከጌጁም ከአንገቱም ያፈሳል። ሰውዬው ይባስ ብሎ አየሩ ውስጡ እያለ አንገቱን በረጅም መፍቻ ሊያጠብቀው ተነሳ። ታንኩን ከእጁ ተቀበልኩት። ጫና ያለበት ቫልቭ አይፈታም፣ አይጠብቅምም። ደግሞም ጎሚኒ አየር የሚይዘው ቦዩ ውስጥ በልኩ ሲጨመቅ እንጂ በጉልበት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ከዚህ ዕቃ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል። እስካሁን ያናድደኛል። ለጭረቱም ኃላፊነት አልወስድም አለ፤ ሙሉ ቫልቭ በራሴ ገንዘብ ቀየርኩ።

ጌጁን ግን ራሴ ሠራሁት። አየሩን ቀስ ብዬ አወጣሁ። በአንዴ ሲለቀቅ ጎሚኒው ውስጥ የሰረገው አየር ከውስጥ ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ጌጁ ዜሮ ካሳየ በኋላም ቫልቩን ክፍት ተውኩት። አሮጌውን ጎሚኒ በእንጨት ስንጥር አወጣሁ። በምትኩ ልኩ ያው የሆነ፣ በጎማ ጥንካሬ መለኪያ (ሾር ኤ) ጥንካሬው 90 የሆነ አስገባሁ፤ 70ው ለስላሳ ስለሆነ በዚህ ግፊት ወደ ክፍተቱ ሊገፋ ይችላል። በስሱ ሲሊኮን ግሪስ ቀባሁት። የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግሪስ በፍጹም አትጠቀሙ። ከፍተኛ ግፊት ካለው አየር ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ጌጁ ከዚያ ወዲህ አላፈሰሰም፣ ደስ ብሎኛል።

መመሪያው አንዱ ሲያፈስ ሁሉንም ጎሚኒ በአንድ ላይ ቀይሩ ይላል። እኔ አልስማማም። አየር የያዘውን ለምን ትነካላችሁ? በተፈታ ቁጥር ቦዩ የመጫር ዕድል አለው። የደህንነት ዲስኩ ካፈሰሰ ግን ድርድር የለም፤ ለዚያው ግፊት በተሠራ አዲስ ዲስክ ብቻ ይተካ።

አሁን ለጥገና ከመስጠቴ በፊት ጎሚኒውን በምን እንደሚያወጡት እጠይቃለሁ። ካቻቢቴ ካነሱ ታንኬን ይዤ እመለሳለሁ።