ሄደ ወይስ አለቀ?

እሑድ ዕለት ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ያለ ምክንያት ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ነገ እጋግራለሁ ያልኩትን ሊጥ አወጣሁና ምጣድ ጣድኩ። ሁለት አወጣሁ። የሦስተኛዋን ሊጥ አዞርኩ፣ ዐይኗ መውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ከደንኩ። መብራቱ ድርግም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ተሳደብኩ።

«5,150 ሜጋ ዋት!» አልኩ ለግድግዳው። ባሌ ሶፋው ላይ በስልኩ ኳስ ያያል፣ ቀና እንኳን አላለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የህዳሴ ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት እንባዬን የጠረግኩት እኔ ነኝ። በ2003 መሠረቱ ሲጣል የወር ደመወዜን ለአሥራ ሁለት ወር አስቆርጬ ቦንድ የገዛሁትም እኔ ነኝ። ያ ግድብ ላይ ቢያንስ አንድ ብሎን የኔ ነው። (የቦንዱ ወረቀት የት እንደገባ አትጠይቁኝ።) ታዲያ አንዲት እንጀራ ማብሰል ያቅተዋል?

ስድቡ ሲሞቅልኝ ሻማ ልፈልግ ብዬ በመስኮቱ በኩል አለፍኩ። የጎረቤት ቤት በርቷል። ከማዶ ያለው ፎቅ በርቷል። ሱቁም በርቷል፣ ባለሱቁ ዘፈን ከፍቷል። ሰፈሩ ቀን መስሏል። ጨለማው የኛ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ሒሳብ የሚሞላበት የቆጣሪ ካርዳችን አልቋል። ዓርብ አስሞላዋለሁ ብሎ የረሳው ማን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ሻማዋን ለኩሼ ተቀመጥኩና ነገሩን ሳብላላው አመሸሁ። መብራት እኛ ዘንድ እንደ እንግዳ ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል። «ኃይል ተቋረጠ» የሚለው ዜና አንባቢ ብቻ ነው። ሲሄድ ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣል። «እናንተም ጋ ሄዷል?» «ሄዷል።» ይቺ «እናንተም ጋ» የምትባል ጥያቄ ሁለት ወር የተኳረፉ ጎረቤቶችን ስታነጋግር አይቻለሁ። ሲመጣ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ባንድ ድምፅ ይጮሃል።

የኔ ግን አልሄደም። አለቀ። እንደ ዘይት፣ እንደ ስኳር። «እናንተም ጋ አልቋል?» ተብሎ ደግሞ በር አይንኳኳም። ያለቀ ነገር ይደበቃል።

የራሴ ቆጣሪ እንዲኖረኝ ስንት ዓመት እንደተመኘሁ ሳስበው ይገርመኛል። ተከራይ ሳለን ስድስት ቤት ባንድ ቆጣሪ ነበርን። ወሩ ሲያልቅ ግቢው ፓርላማ ይሆናል። ምጣድ ያለው ይጨምር፣ ፍሪጅ ያለው ይጨምር፣ ብቻውን የሚኖር ይቀነስለት። እትዬ አ. ምጣዷን የምትጥደው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነበር። እንጀራ ግን ሽታው አይደበቅም። ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ የሆነው ለድሀ ታስቦ ነው። ስድስት ድሀ ባንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን ለቆጣሪው አንድ ሀብታም ነው።

አሁን የምጣላው ሰው የለኝም። ሒሳቡን የምሠራውም ብቻዬን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ይጎትታል። 14 ሰዓት ጋገርሽ ማለት ያ ርካሹ 50 ሄደ ማለት ነው። ይቅርታ፣ አለቀ ማለት ነው።

የዋጋ ጭማሪው አይገባኝም አልልም። ከ1998 እስከ 2011 ታሪፉ ባለበት ቆሞ ነበር። በዚያ መሀል በርበሬው፣ ጤፉ፣ የቤት ኪራዩ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው። አንድ ቀን እንደሚነሣ መጠርጠር ነበረብን። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። ትንሽ ትንሽ መሆኑ ነው ክፋቱ። አንድ ጊዜ ቢመጣ ጮኸን ይወጣልን ነበር። ወንድሜ ኢንጂነር ነው፣ ሁልጊዜ «ግድብ ኃይል ያመነጫል እንጂ ገመድ አይዘረጋም፣ ትራንስፎርመር አይቀይርም» ይለኛል። ልክ ነው። በ2003 ግን እንዲህ ያለኝ ሰው አላስታውስም። ወይም ብሎኝ ይሆናል፣ እኔ ያኔ እያጨበጨብኩ ነበር።

ሻማዋ ስትንቦገቦግ አያቴ ትዝ አለችኝ። ማታ ኩራዟን ስትለኩስ «እንደምን አመሻችሁ» ትለን ነበር። ከሰዓት ጀምሮ አብረናት ተቀምጠን እያለ! ብርሃን ሲመጣ ሰው እንደ አዲስ ይተያያል፣ እንደ አዲስ ሰላም ይባባላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ያቺ ሰላምታ አምፖል ላይም ተሻግራ ነበር። እናቴ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭና ትላት ነበር። እኔ መቼ እንደተውኳት አላውቅም።

እዚህ ስደርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ላምባም እኮ ያልቅ ነበር! በጠርሙስ ተገዝቶ፣ በመስፈሪያ ተለክቶ፣ ክሩ እየጨሰ ድርግም ይል ነበር። ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ የምላከው። ጠርሙሷን ይዤ ጎረቤት እሄዳለሁ፣ «እማዬ ትንሽ ላምባ ስጧት ብላችኋለች» እላለሁ፣ ይሰጡኛል። ማንም አያፍርም። እኔ ምሽቱን ሙሉ የገነባሁት «ያለቀ ነገር ይደበቃል» የሚለው ፍልስፍናዬ በአንዲት የላምባ ጠርሙስ ተናደ።

የቀኝ ጎረቤቴ ብነግራት በአጥሩ ላይ ገመድ እንደምትስብልኝ አውቃለሁ። አልነገርኳትም። እንዲያውም ሻማዋ በመስኮት እንዳትታይ መጋረጃውን ጎተትኩ። ምን ነክቶኝ ነው? እሱን ብጠይቀው «ነገ እናስሞላዋለን» ብሎኝ ተኛ። የስልኩ ባትሪ አልቆ ነበር።

ጠዋት ካርዱን አስሞልቼ መጣሁ። ቆጣሪው ውስጥ ከተትኩት። ቀጭ አለ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ጮክ ብዬ «እንደምን አመሻችሁ!» አልኩ።

ትምህርት ዝግ ስለሆነ ልጄ ቁርሱን እየበላ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ከዚያ እኔን አየኝ። ስለ አያቴ ልነግረው፣ ስለ ኩራዙ፣ ስለ ላምባዋ ጠርሙስ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ መሰለኝ። አፍንጫውን ወደ ኩሽናው አዞረ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»