ዘመም ብለው የሚቆሙት ወታደሮቻችን

ሰሞኑን እቃ ሳስተካክል ከአንድ ሳጥን ስር የተቋጠረ ከረጢት አገኘሁ፣ ስፈታው የኔና የወንድሜ የልጅነት የፕላስቲክ ወታደሮች! እዛው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። የገረመኝ ደሞ ከስንት አመት በኋላ እያንዳንዳቸውን መለየቴ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ አንዳቸውም ሙሉ ጤነኛ አልነበሩም። ሁሉም የየራሳቸው ጉድለት ነበራቸው፣ እኛም በሱ ነው የምናውቃቸው።

ቆልማማው አለ፣ የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ግራ የታጠፈበት። ዘመም አለ፣ የቆመባት ጠፍጣፋ መሬቱ ስለተጣመመች ሁሌ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ። ግንቡ አለ፣ ከሌላ ከረጢት የመጣ ስለሆነ ከሁሉም በጭንቅላት የሚበልጥ። ፊታቸው ላይ ደሞ አይን አፍንጫ ብሎ ነገር የለም፣ ከራስ ቁራቸው እስከ ጫማቸው የሚወርድ አንድ መስመር ብቻ።

ያ መስመር ከየት እንደመጣ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ወታደሩ የሚሰራው በሁለት ግማሽ የብረት ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) መሃል የቀለጠ ፕላስቲክ በሀይል ተገፍቶ ገብቶ ነው፣ መስመሩ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙበት ቦታ ነው። ሞልዱ ሲያረጅና በደንብ አልገጥም ሲል ፕላስቲኩ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣና በብብታቸውና በእግራቸው መሃል እንደ ስስ ቅጠል ይቀራል፣ እኛ በጥፍር መቁረጫ ነበር የምናነሳው (አንዱ የእጁን መዳፍ ያጣው እንደዛ ነው፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት)። ሌላው ነገር ሞልዱ ቀጥ ብሎ ስለሚከፈት ከኋላ የተደበቀ ክፍተት ማውጣት አይችልም፣ ስለዚህ በወታደሩ ደረትና በጠመንጃው መሃል ባዶ መሆን የነበረበት ቦታ በፕላስቲክ ድፍን ይላል። እኛ ይሄን አናውቅም ነበር። ደረቱ ላይ የያዘው የብረት ጋሻ ነው አልንና ህግ አወጣን፣ ደረቱ ድፍን የሆነ ወታደር ሁለቴ ካልተመታ አይሞትም።

የምለው ነገር ይሄ ነው እንግዲህ፣ የጨዋታችን ህጎች በሙሉ ከነሱ ጉድለት ነው የወጡት። ቆልማማው ጠመንጃው የታጠፈ ስለሆነ ግድግዳ ተከልሎ ጥግ አዙሮ መተኮስ ይችላል፣ ከሱ በቀር ማንም አይችልም። ግንቡ ትልቅ ስለሆነ አንዴ ሲራመድ የሁለት ሰው እርምጃ ነው፣ ግን መደበቅ አይፈቀድለትም። ከሁሉም የከበደው ደሞ የዘመም ጉዳይ ነበር፣ ምክንያቱም የኛ ጦርነት ተራ በተራ ብይ እያንከባለሉ ነው፣ የወደቀ ሞተ። ዘመም ግን ማንም ሳይነካው ይወድቃል! በር ተከፈተ ይወድቃል፣ አጠገቡ አስነጠሰህ ይወድቃል፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፈን በሰራነው ተራራ ላይማ ጭራሽ አይቆምም። ወንድሜ ወደቀ ሞቷል ይላል፣ እኔ ማን ነካው እላለሁ፣ ስንጨቃጨቅ ስንት ውጊያ ሳያልቅ ቀርቷል። በመጨረሻ ተስማማን፦ ሳይመታ የወደቀ ወታደር ተኝቷል፣ የተኛ ሰው አይተኮስበትም፣ በሚቀጥለው ተራ ባለቤቱ ያስነሳዋል። ይሄን ህግ ያመጣው ወንድሜ ነው፣ ወታደሩ ግን የኔ ነበር። በራሱ ላይ እኮ ነው የፈረደው፣ እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል።

ካደግኩ በኋላ እንዳነበብኩት እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት የጨዋታ ህግ ያለበት መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፣ እዛ ላይ በስፕሪንግ የሚሰራ ትንሽ መድፍ እንጨት ይተኩሳል፣ ተመቶ የወደቀ ሞቷል። ሳነበው የራሳችንን ብይ አየሁበት። የሱ ዘመን ወታደሮች ግን የብረት ነበሩ፣ እንደኛዎቹ በንፋስ አይወድቁም፣ የእንቅልፍ ህግ አላስፈለገውም ማለት ነው።

ፈንጂ ፈላጊውን ረስቼው! ከረጢቱ ውስጥ ራዲዮ የያዘ አንድ ብቻ ሆኖ ፈንጂ መፈለጊያ የያዙት ግን አምስት ነበሩ፣ አምስት ሰው ምን ይሰራል? መጀመሪያ ከኋላ ተደርድረው ዝም ብለው ይቆሙ ነበር፣ በኋላ ሲያሳዝኑን ብርድ ልብሱ ስር ቁልፍ መደበቅ ጀመርን፣ የልብስ ቁልፍ፣ እነሱ ቀድመው ካላለፉበት በቀር ቁልፍ ላይ የቆመ ሰራዊት በሙሉ ያልቃል። ከዛ ቀን ጀምሮ ያለነሱ ወደፊት ፈቀቅ የሚል የለም።

ልናስተካክላቸው አልሞከርንም ማለት አይደለም። ቀለም ቀባናቸው፣ በሁለት ቀን እየተቀረፈ ረገፈ። ፕላስቲኩ ፖሊኢትሊን የሚባለው አይነት ነው፣ ቀለምም ሙጫም በደንብ አይዘውም። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ከዛ ነጭ የእንጨት ሙጫ ከላይ ለብሶ ሲደርቅ መቀባት እንደሚሻል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የተሰበረ እጅም በሙጫ አይመለስም፣ መርፌ አግሎ በሁለቱም ቁራጭ ውስጥ ሰክቶ ማያያዝ ነው ያለው። ቆልማማውን አንዴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን ጠመንጃውን አቀናንና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተትነው፣ ቀጥ አለ፣ ደስ አለን። ጠዋት ስናየው ወደ ግራ ታጥፏል። ወንድሜ "እንደዛ ነው ሚፈልገው" አለ፣ ከዛ በኋላ አልነካነውም።

አሁን የሚሸጡትን አያለሁ፣ የጫማ ክር ሳይቀር ይታያል፣ የሰሪዎቹን ጥበብ አደንቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ወታደር መሰራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ኤርፊክስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ቁመታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ከምናምን የሆኑትን ትንንሾቹን ማውጣት ጀመረ፣ የመጀመሪያዎቹ የክብር ዘብ ሙዚቀኞች ነበሩ፣ ስንት ሺህ ልጅ በነሱ አድጓል። አረንጓዴዎቹ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ያለው ብሄራዊ የአሻንጉሊት የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ሰምቼ የኛዎቹ የተሸለሙ ነው የመሰለኝ።

እና ባለፈው ከረጢቱን ስፈታ አንዱን ተንበርካኪ ጠመንጃውን ይዤ ባነሳው ጠመንጃው ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ለካ ፕላስቲኩ ከእድሜ ብዛት ደርቋል፣ ብርሃን ሲያገኘው ደሞ ይብስበታል። በጣም ነው የከፋኝ፣ ለአንድ ፕላስቲክ እንዲህ መሆኔ ለሌላ ሰው አይገባው ይሆናል። የቀሩትን ከስራቸው እየያዝኩ ቀስ ብዬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው፣ ፈንጂ ፈላጊዎቹን ከፊት፣ ግንቡን ከኋላ፣ ቆልማማውን ጥግ ላይ። ፎቶ ላነሳ ስል ዘመም ወደቀ። ሳላስነሳው እንደዛው አንስቼ ለወንድሜ ላክሁለት፣ ምንም አልጻፍኩበትም።

ደቂቃ አልሞላም መለሰልኝ፦ "ተኝቷል፣ አይቆጠርም።"