ፊልትሮ ከቀየራችሁ ጄቱን አትርሱ፤ ከፍታውንም

የሞተር ሳይክልን የአየር ሳጥን አውልቆ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ሾጣጣ ፊልትሮ በፋሸታ ማሰር ቀላል ሥራ ነው። ጣጣው ሞተሩ ሲነሳ ይመጣል፦ ሚኒሞ ላይ ይቆያል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያንቀዋል፣ ሲለቁለት ማርሚታው ውስጥ ይተኩሳል። ሳጥኑ የአየሩን መንገድ በልክ ያጠብ ነበር፤ ካርቡራተሩ በጄቱ (ቤንዚን በልክ በሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) በኩል ቤንዚን የሚስበውም በዚያው ጥበት ልክ ነው። መንገዱ ሲከፈት መሳቡ ይላላል፣ አየሩ ይበዛል፣ የአየርና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል፤ ማለትም ቤንዚኑ ያንሰዋል።

በይነመረብ ላይ የምታገኙት ምክር ባብዛኛው «ዋናውን ጄት ሁለት ሦስት ቁጥር ከፍ አድርጉ» ይላል። ይህ ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚነዳ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ጠለል የተሰናዳ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ይወፍራል። ፊልትሮው የሚያሳሳውና ከፍታው የሚያወፍረው እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይችላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ጄት ከመግዛታችሁ በፊት ውስጥ ያለውን አውጡና ቁጥሩን አንብቡ። የፋብሪካው ከሆነ ምናልባት ምንም አይጨመርበትም፣ ወይ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። ለከፍታው ብሎ ቀድሞ ያሳነሰው ሰው ካለ ግን መጨመር የግድ ነው።

ቁጥሮቹንም አታደባልቁ። ሚኩኒና ኬይሂን የጃፓን ካርቡራተር ሠሪዎች ናቸው። በሚኩኒ ባለ ስድስት ጎን ጄት ላይ ያለው ቁጥር የሚያልፈውን የነዳጅ መጠን ይናገራል፤ የኬይሂን ደግሞ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ። የአንዱ 110 የሌላው 110 አይደለም። ሚኩኒ ላይ 100ን ወደ 110 ማሳደግ ኬይሂን ላይ 100ን ወደ 105 ከማሳደግ ጋር ይቀራረባል። ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ይቅርባችሁ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው።

መጀመሪያ ካርቡራተሩ ንጹሕ፣ የተንሳፋፊው (ከሥር ባለው ሳህን ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው) ከፍታ ልክ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው ጎማም ያልተሰነጠቀ ይሁን። ከጎማው የሚገባ አየር ልክ የጄት ማነስ ይመስላል፤ ብዙ ጄት በከንቱ የሚቀየረው በእሱ ነው። ካቻቢቴያችሁም ከብሎኑ ራስ ጋር በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ የጃፓን ካርቡራተር ብሎን ተራውን የመስቀል ካቻቢቴ አይወድም፣ ራሱ ይበላል።

የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ቴፕ ለጥፉና ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚገዛው ዋናው ጄት ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ስጡት፤ ከዚያ ትንሽ ስትመልሱለት ይበልጥ ከጎተተ ቤንዚን አንሶታል፣ ጄቱን ጨምሩ። ከደነቆረና ጥቁር ጭስ ካወጣ በዝቶበታል። ማረጋገጫው ካንዴላ ነው፦ ሙሉ በሰጣችሁበት ፍሪሲዮን ያዙ፣ ወዲያው ሞተሩን አጥፉና ካንዴላውን አውጡ። ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ ጥላሸት ከለበሰ ወፍሯል። ሚኒሞ ላይ ከቆየ ሞተር የወጣ ካንዴላ ምንም አይነግራችሁም።

ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የሚገዛው ከተንሸራታቹ (ነዳጅ ሲሰጥ ከሚነሳው የአየር በር) ጋር የሚወጣና የሚወርደው መርፌ ነው። መርፌው የተያዘበትን ቅንጥብ አንድ ጎድጎድ ዝቅ ስታደርጉ መርፌው ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ይጨምራል። አብዛኛው ሰው የሚነዳው እዚህ ክልል ውስጥ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ቅንጥብ መቀየሪያ የሌለው መርፌ ከሆነ ከሥሩ ግማሽ ሚሊሜትር የምትሆን ቀጭን ሮንዴላ ታነሳዋለች።

ከሩብ በታች የሚገዙት ትንሹ (የሚኒሞው) ጄትና የጎኑ ብሎን ናቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኑ በፊልትሮው በኩል ከሆነ አየር ይቆጣጠራል፤ ሲጠብቅ ይወፍራል። በሲሊንደሩ በኩል ከሆነ ድብልቁን ነው የሚቆጣጠረው፤ ሲላላ ይወፍራል። ከሦስት ዙር በላይ ካላላችሁት በኋላ ብቻ የሚስተካከል የድብልቅ ብሎን ትንሹ ጄት አንድ ቁጥር ይጨመር እያለ ነው።

ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይ ጄቱን ሁሉም ላይ እኩል ቀይሩና በቫኪዩም መለኪያ አቻችሉ። ተንሸራታቹ በቫኪዩም የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ያለ ሳጥኑ መሃል ላይ የሚደክምበት ቦታ አይጠፋውም። እሱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አድካሚ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሳጥኑን መመለስ ይሻላል ባይ ነኝ። ፊልትሮ ስትገዙም የጎማውን ከንፈር ተመልከቱ፤ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያሉትን ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ከሸፈነ የትኛውም ጄት አያድነውም። ወደ ሳጥኑ ይገባ የነበረውን የሞተር መተንፈሻ ቱቦም ክፍት አትተዉት፤ ትንሽ ፊልትሮ እሰሩለት።

አዲስ አበባ ላይ ለክቶ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ አየሩ ይወፍርለታል፣ ድብልቁ ይሳሳበታል። ጄቱን ቤንዚን ሊያንስ ጠርዝ ላይ ያቆመ በዚያ ሜዳ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ ሲቆይ ፒስቶኑን ሊያቃጥል ይችላል። አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጄትና አጭር ካቻቢቴ ኪስ ውስጥ ቢኖሩት የካርቡራተሩን ሳህን ፈቶ ለመቀየር ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።