ወደ ቢሾፍቱ፦ እርማቸው ያልወጣ አብራሪ

ከቃሊቲ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አቃቂን እስኪያልፍ ድረስ በከባድ መኪኖች መሀል ሲውተረተር ቆየ። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የቸኮለ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። እኔ ግን አሮጌውን መንገድ እወደዋለሁ። ፋብሪካዎቹና መጋዘኖቹ፣ ዱከም ላይ በየልኳንዳ ቤቱ በር የሚንጠለጠለው ሥጋ፣ ከዚያ ድንገት የሚከፈተው ሜዳ። በስተግራ የረር፣ በስተቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ፣ በመሀላቸው የአድአ ጥቁር አፈር። ጊዜው ታኅሣሥ ስለነበር ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይም በሬዎች እየተነዱ ያበራያሉ።

ለአዲስ አበባ ሰው ቢሾፍቱ የመዝናኛ ከተማ ናት። ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ሆራ ሲባል የሚታሰበው ሐይቅ ዳር መቀመጥና የሠርግ ፎቶ መነሣት ነው። ነገር ግን ይህች ከተማ የአየር ኃይሉም ቤት ናት። ስንት አብራሪ እዚህ ሠልጥኗል፣ እዚህ አግብቷል፣ ከዚህ ተነሥቶ አልተመለሰም። ከእነዚያ ካልተመለሱት መካከል የአንዱ ነገር ለዓመታት ከልቤ አልወጣም፤ የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ። ለጉዞ ያስነሣኝም እሱ ነው።

ታሪኩን የማያስታውስ ወጣት ስላለ ባጭሩ ልንገር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጫረ። በወሩ መጨረሻ የኢትዮጵያ ጄቶች የአስመራን አየር ማረፊያ ደበደቡ፤ የኤርትራ አውሮፕላኖችም መቀሌን ደበደቡ፤ በዓይደር ትምህርት ቤት ሕፃናት አለቁ። በእነዚያ ቀናት ነው የኮሎኔል በዛብህ ሚግ አስመራ ላይ ተመትቶ እሳቸው በሕይወት የተማረኩት። መያዛቸው ምሥጢር አልነበረም፤ ዜናው በዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተነግሯል። የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ የመጀመሪያ ምርኳቸው አለመሆኑ ነው። በደርግ ዘመንም ኤርትራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወድቀው፣ ዓመታት ታስረው ተርፈዋል። አንድ ሰው ይህን ካየ በኋላ እንደገና ኮክፒት ውስጥ ገብቶ ወደዚያው ሰማይ መብረሩን ሳስብ ምን ዓይነት ልብ ነው እላለሁ።

ከሁለተኛው ምርኮ በኋላ ግን አልተመለሱም። ብዙዎች ተገድለዋል ብለው ያምናሉ፤ እኔም ከሚያምኑት አንዱ ነኝ። ሆኖም አስከሬን አልመጣም፣ መቃብራቸው አልታየም።

ቢሾፍቱ እንደደረስኩ በባጃጅ ወደ አየር ኃይሉ ግቢ አቅጣጫ ሄድኩ። ሐረር ሜዳ የሚባለው ይህ የጦር ሰፈር ከውጭ ሲታይ አጥርና የዘበኛ ማማ ብቻ ነው። ቆሞ ማየት ስለማይፈቀድ አልቆምኩም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን ያቋቋሙት ስዊድናውያን ናቸው፤ መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረሩ ሰው ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወገን ጥቃት ተገደሉ፤ የተቀበሩትም አዲስ አበባ ነው። ባዕድ አገር ተወልደው ለእኛ የሞቱት እኒያ ሰው መቃብር አላቸው። የእኛው ሰው ግን የላቸውም።

ወዳጄ ያገናኘኝ ጡረተኛ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ቤት ከሰፈሩ ብዙም አይርቅም። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ቡናውን አቅርበው ከጎናችን ተቀመጡ። ኮሎኔል በዛብህን በቅርብ አላውቃቸውም ብለው ነው የጀመሩት። ይህ ቅንነታቸው ደስ አለኝ፤ ጀግና ከጠፋ በኋላ የቅርብ ወዳጅ ነበርኩ የሚል አይጠፋም። እሳቸው የሚያውቁት ሥራቸውን ነው። ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ግን ቡናው ቀዘቀዘ።

«አብራሪው መሰላሉን ወጥቶ ሲቀመጥ ተከትዬው እወጣለሁ» አሉ። «ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለውን ማሰሪያ አጠብቃለሁ። የአየር መተንፈሻውንና የሬዲዮውን ገመድ አገናኛለሁ። ከዚያ የወንበሩን ፒን እነቅላለሁ።»

ፒኑ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አብራሪውን ከነወንበሩ ወደ ላይ የሚያስፈነጥረው ባሩድ መሬት ላይ ሳለ ሳይታሰብ እንዳይፈነዳ የሚቆልፍ ሹል ብረት ነው፤ እንዳይረሳ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል። ቴክኒሽያኑ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ቆጥሮ፣ ለአብራሪው በእጁ ያሳየዋል። አብራሪው አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጣቶቻቸውን ገጥመው አሳዩኝ፤ ባዶውን እጅ እያየሁ እኔም ሳላስበው ራሴን ነቀነቅኩ። ያ የእጅ ምልክት ማለት፣ ብትመታ መውጫህ ክፍት ነው ማለት ነው። ከሚቃጠል አውሮፕላን የሚያተርፈው ወንበር ግን መሬት ላይ ከሚጠብቀው አያተርፍም።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ መሰላሉን ማንሣት፤ መጠበቅ። ስንት እንደወጡ እናውቃለን፤ ሲመለሱ በጆሯችን እንቆጥራለን። ሲጎድል ማንም አይናገርም፤ መሰላሉን ይዞ የቀረው ሰው ግን ይታወቃል።»

እትዬ እዚህ ላይ ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ በሰፈሩ ማለዳ ላይ የበር መንኳኳት እንዴት ያስፈራ እንደነበር ነገሩኝ። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ተከናንበው በሌሊት ሲያልፉ ያየች ሚስት ሁሉ ትንፋሿን ይዛ የየትኛው ቤት በር እንደሚመታ ታዳምጣለች። «መርዶ የመጣባትስ አለቀሰች፣ ድንኳን ተጣለላት፣ አርባውን አወጣች፣ ሙት ዓመቱን አሰበች» አሉ። «መርዶም ሰውም ያልመጣላት ምን ታድርግ? ከል ብትለብስ ሟርት ይሆንባታል፤ ባትለብስ ረሳችው ይባላል። እርሟን ሳታወጣ ታረጃለች።»

ይህን ሐዘን ያመጣው የጦርነት ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ሊከበር ሲገባው ያልተከበረ ሕግም አለ። በ1949 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ ምርኮኛ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ መያዙን ለቤተሰቡ በካርድ የማሳወቅ መብት ይሰጠዋል። ቢሞት በክብር እንዲቀበርና የመቃብሩ ቦታ እንዲመዘገብ ያዝዛል። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ምርኮኞችን የሚጎበኘውም ይህ እንዲፈጸም ነው፤ አንድ ጊዜ ስሙ የተመዘገበን ሰው ማጥፋት ይከብዳልና። ኤርትራ ግን ስምምነቱን የተቀበለችው ነሐሴ 1992 ነው፤ እስከዚያ ድረስም ኮሚቴው የኢትዮጵያን ምርኮኞች እንዳይጎበኝ ከልክላለች። የሁለቱን አገሮች የካሳ ጥያቄ የመረመረው ዘ ሄግ ያለው ኮሚሽን በ1995 በሰጠው ውሳኔ ይህን ጥፋት ብሎ መዝግቦታል። ኮሎኔል በዛብህ የተያዙት በ1990 ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት አለፈ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ገለልተኛ ዓይን ያላያቸው ሰዎች በአሳሪያቸው እጅ ነበሩ። በነሐሴ 1994 ኤርትራ የቀሩትን የኢትዮጵያ ምርኮኞች ለቀቀች፤ እሳቸው ግን አብረው አልመጡም።

አውሮፕላኖቻችን አስመራ ላይ ያደረሱትን አልረሳሁም፤ ከቦምብ በታች የነበረ ሕዝብ ቢቆጣ ይገባኛል። ይሁን እንጂ እጁን የሰጠ ሰው ጦርነቱ አብቅቶለታል። ቂም በእሱ ላይ አይወጣም።

ለዚህ ምስክሩ ከሌላ ጦርነት የተመለሰው የእኛው ሰው ነው። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በኤፍ 5 ሲዋጉ ኦጋዴን ላይ ወድቀው ተማረኩ። 11 ዓመት ገደማ ታስረው፣ ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ በ1980 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያ እስር ስቃይ የበዛበት ነበር። ቢሆንም በመጨረሻ አገራቸው ተቀብላቸዋለች። ጋሼ የእሳቸውን ስም ሳነሣ ፊታቸው በራ፤ «እሱ ሲመለስ ከተማው አልተኛም» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሰዱኝ። በበረራ ላይ ያለፉ መኮንኖች እዚህም እዚያም ተቀብረዋል። ከአንዱ ሐውልት መስታወት ሥር የበረራ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ አለ፤ ፀሐይ አደብዝዞታል፤ የራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ ይስቃል። ሥሩ ላይ የልደቱም የሞቱም ቀን ተቀርጿል። ጋሼ የሞቱን ቀን በጣታቸው እየነኩ አነበቡት።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንመለስ ስለ 2010 አወራን። በሐምሌ ያ የአስመራ በረራ እንደገና ሲጀመር፣ ሰዎች አውሮፕላን ውስጥ ሲተቃቀፉ ጋሼ በቴሌቪዥን አይተው አልቅሰዋል። ለጉዞ ገንዘብ ማጠራቀም የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። ሳይሞላላቸው የድንበሩ መንገዶች ተዘጉ፣ በ2016 መጨረሻ በረራውም ተቋረጠ። አሁንም ግን አሳባቸውን አልተዉም።

«ቢሄዱ ማንን ነው የሚጠይቁት?» አልኳቸው። የኤርትራን መንግሥት ይሉኛል ብዬ ነበር።

«አብሮኝ የሠራ ጓደኛ አለኝ» አሉ። ሐረር ሜዳ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ከአንድ የመፍቻ ሣጥን ሲሠራ የኖረ፣ በ1990 ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ከአገር የወጣ ሰው ነው። አውሮፕላንም አብራሪም ያውቃል፤ የወደቀው ሚግ ስብርባሪ የት እንደተወሰደ፣ ያን ቀን ማን እንደነበረ ጠይቆ ሊደርስበት የሚችል ሰው እሱ ነው ብለው ያምናሉ። አድራሻውን አያውቁም። ሲለያዩ ዘመዶቼ አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ነው ያሉት ብሏቸው ነበር። «ገጀረትን ካገኘሁ እሱን አላጣውም» አሉኝና ሚኒባሱ ላይ ቦታ ያዙልኝ።