ስንዝር የማትሞላ ሽቦ፦ የአሮጌዋን መኪናዬን የኋላ መስታወት እንዴት እንደጠገንኩ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤተሰቤን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርድ ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት አገኘነው። ስፍራው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉም የማይጠፋበት፣ ነፋሱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ስንወጣ የፊቱ መስታወት በማሞቂያው ኃይል እንደምንም ያሳየኝ ነበር። የኋላው ግን አምስት ሰው በሚተነፍስባት ትንሽ መኪና ውስጥ ነጭ ጨርቅ የተጋረደበት መሰለ። የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ተጫንኩ። ማብሪያው ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ቦግ አለች፤ መስታወቱ ግን አልጠራም። የኋላውን ዝናብ መጥረጊያ ሞከርኩ፤ እሱም ዝም። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ስንወርድ ከኋላችን ከባድ የጭነት መኪና እንዳለ ያወቅሁት በጥሩምባው ነው።

ደብረ ሲና ሻይ ልንጠጣ ስንቆም የጭነት መኪናው ሹፌር መጥቶ ሰላምታ ሰጠኝና፣ «ወንድሜ፣ ከላይ ያለው የፍሬን መብራትህ ግራ አጋባኝ። ስትነዳ ይበራል፣ ፍሬን ስትይዝ ይጠፋል» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ቃሉን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አንድ አምፑል የተበላሸ መስሎኝ ነበር። የችግሩን ሙሉ መልስ ይዞልኝ የመጣው እሱ እንደነበረ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ፣ ገንዘብና ጊዜ ካባከንኩ በኋላ ነው።

መኪናዬ የ2002 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ናት። የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ሲሆን መጥረጊያው፣ የመስታወቱ ማሞቂያና ከላይ ያለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት በዚሁ በር ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባ ስመለስ የወሰድኳት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥረጊያውን አንድ ሁለቴ ሞከረና ሞተሩ ተቃጥሏል አለ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። ሲገጠም እሱም አልሠራም። ሠራተኛው ቀጥሎ ያቀረበልኝ ሐሳብ ከባትሪው ቀጥታ ሽቦ ስቦ ማሞቂያውን ማገናኘት ነበር፣ ያለ ፊውዝ። ይህንን እምቢ አልኩ፤ እምቢ በማለቴም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የኋላ መስታወት ማሞቂያ ቀልድ አይደለም። በ12 ቮልት 15 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ይህ ወደ 180 ዋት ነው። ይህን ያህል ኃይል የተሸከመ ሽቦ ያለ ፊውዝ ከምንጣፍ ሥር ሲያልፍ አንድ ቦታ ቢላጥ፣ የሚቃጠለው መኪናው ከነሰዎቹ ነው።

እንግዲህ ራሴ ልሞክረው ብዬ ተነሣሁ። ፊውዞቹን አየሁ፤ ደህና ናቸው። ማብሪያውን ስጫን የሪሌው (ለማሞቂያው ኃይል የሚለቀው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) «ጠቅ» ይሰማል። በቴስተር መስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለውን የፖዘቲቭ ሶኬት ለካሁ፤ 12 ቮልት ከነጥቡ አለ። የኔጌቲቩን ሽቦ ደግሞ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው መለኪያ ላይ አድርጌ ከመኪናው አካል ጋር አገናኘሁት። «ጢጥ» አለ። መንገዱ ያልተቋረጠ መሆኑን ነገረኝ ማለት ነው። ኃይሉ አለ፣ መመለሻው አለ፣ ማሞቂያው ግን አይሞቅም። ሁለት ቅዳሜ በዚህ ላይ አለቀ።

የፈታልኝ ጎረቤቴ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ሥራ ሳታስይዘው ነው የለካኸው» አሉኝ። «ማሞቂያውን አብራና ኔጌቲቩ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ እይ።»

«ኔጌቲቩ ላይ ምን ቮልት ይኖራል ጋሼ? ዜሮ ነው እንጂ።»

«ዜሮ ከሆነ ደህና። እስቲ እየው።»

ሞተሩን አስነሣሁ፣ ማሞቂያውን አበራሁ፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከመኪናው አካል፣ ቀዩን ከማሞቂያው ኔጌቲቭ ሶኬት ላይ አሳረፍኩ። 8 ቮልት። ዜሮ መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ስምንት! ይህ ማለት ኤሌክትሪኩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መንገድ ታንቋል ማለት ነው። የቴስተሩ ድምፅ የሚሠራው በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ልኮ ነው፤ አሥር ክር ካለው ሽቦ አንድ ክር ቢቀር እንኳን «ጢጥ» ይላል። በዚያች አንድ ክር 15 አምፔር አያልፍም። ከዚያ ወዲህ አንድን ሽቦ ደህና ነው የምለው ሥራ አስይዤ ከለካሁት ብቻ ነው። ጋሼ ያሳዩኝ ሌላው ዘዴ ደግሞ ቴስተርም አይጠይቅም። የ21 ዋት የፍሬን አምፑል ሁለት ሽቦ በይዶ መያዝ ነው። በሚፈተሸው ሽቦ በኩል ሲያገናኙት አምፑሉ ፏ ብሎ ከበራ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ከደበዘዘ የሆነ ቦታ ተበልቷል።

የሹፌሩ ቃል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በበሩ ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ የሚመለሱት በአንድ የጋራ ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። መንገዱ ሲዘጋበት ከማሞቂያው የመጣው ኤሌክትሪክ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ያገኘውም በሦስተኛው የፍሬን መብራት በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ በታቹ የፍሬን መብራቶች አልፎ ወደ መኪናው አካል መግባት ነበር። ስለዚህ ፍሬን ሳልይዝ የላይኛው መብራት ይበራል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ በአምፑሉ ሁለት ጫፍ ኃይል ስለሚመጣበት የሚጠብቀው የቮልት ልዩነት ይጠፋል፣ መብራቱም ይደክማል። አንድ መኪና ውስጥ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ዕቃዎች አብረው ያልተለመደ ነገር ሲያሳዩ፣ ዕቃዎቹን ሳይሆን የሚጋሩትን መመለሻ ማየት ይገባል።

የኋላው በር ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበች ጥቁር የጎማ ቱቦ አለች። ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም። የበሩ ሽቦዎች በሙሉ በእሷ ውስጥ ያልፋሉ፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ያቺ መኪና ከሃያ ዓመት በላይ አገልግላለች፤ ስንት ሺህ ጊዜ እንደታጠፈች አስቡት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ የጎማውን ሁለት ጫፍ በካቻቢቴ ቀስ አድርጌ አወጣሁና ወደ አንድ ጎን ሰበሰብኩት። ውኃ ጠብ አለ። ቀጥሎ ሽቦዎቹ ታዩ። ነጩ ባለ ጥቁር መስመር (ቶዮታ ለኔጌቲቭ የሚጠቀምበት ቀለም ነው) ልባሱ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ዱቄቱ ረገፈ። ሁለት ክር ብቻ ይዘውት ነበር። ከጎኑ ሌሎች ሦስት ሽቦዎች ልባሳቸው ተሰነጣጥቋል፣ ግን ገና አልተቆረጡም። ውኃው ከየት እንደመጣም እዚያው አገኘሁት፤ ለኋላው መስታወት ውኃ የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ በዚያው ጎማ ውስጥ ስለምታልፍ እሷም ተሰንጥቃ በረጨሁ ቁጥር ሽቦዎቹን ታጠጣቸው ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ስህተት ነበር፤ ብዙ ሰው የሚሠራው ስለሆነ በዝርዝር ልናገረው። የተቆረጠውን ሽቦ እዚያው በተቆረጠበት ቦታ ገጥሜ፣ በካውያና በሊድ በይጄ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ ጎማውን መለስኩ። ሁሉም ነገር ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ችግሩ እንዳለ ተመልሶ መጣ። ስከፍተው ብየዳው ራሱ እንዳለ ነው፤ ሽቦው የተቆረጠው ከብየዳው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። ሊድ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ሽቦውን እንደ ሚስማር ያደርቀዋል፤ ያ የደረቀ ክፍል የሚያልቅበት ቦታ ላይ መታጠፉ ሁሉ ይከማቻል፣ ክሮቹም አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። በሚታጠፍ ቦታ ላይ ማገናኛ አይቀመጥም። ይህችን ነገር ብቻ አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሥራውን ሁለት ጊዜ አልሠራውም ነበር።

ለሁለተኛው ጥገና አንድ ሙሉ እሑድ መደብኩ። የጣሪያውን ጨርቅ ከኋላ በኩል ጥቂት አወረድኩ፣ የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ ፈታሁ። ከጎማው ወዲህና ወዲያ፣ ሽቦው በማይታጠፍበት ቦታ፣ ከየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ያህል ርቄ ቆረጥኩ። በመካከል አዲስ ሽቦ አስገባሁ፣ በጣም ቀጫጭንና ብዙ ክሮች ያሉት፣ ልባሱ በብርድ የማይደርቅ የሲሊኮን ሽቦ። ለማሞቂያውና ለጋራው ኔጌቲቭ ወፍራሙን፣ ለቀሩት ቀጭኑን። የተቆረጠውን ብቻ ሳይሆን በጎማው ውስጥ የሚያልፉትን በሙሉ ቀየርኩ፤ አብረው የታጠፉ ሽቦዎች የሚያልቁትም ተከታትለው ነው። አንዱን ቆርጬ፣ አገናኝቼ፣ ሸፍኜ ሳልጨርስ ሌላውን አልነካሁም፣ ቀለማቸው ደብዝዞ ስለነበር ሁሉንም አንድ ላይ ብቆርጣቸው እደናገር ነበር። ማገናኛዎቹም አንድ ቦታ ተከማችተው እንዳያብጡ ደረጃ በደረጃ አራራቅኋቸው። ላያቸው ላይ በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩ። የውኃዋን ቱቦ በአዲስ ቀየርኩና ከሽቦዎቹ ሥር እንድትሆን አደረግኋት፤ ብትፈስ እንኳ ወደ ታች እንድትፈስ።

ባትሪውን መልሼ ሳስር የላይኛው የፍሬን መብራት አደብ ገዛ። የማሞቂያው ኔጌቲቭ 0.1 ቮልት አነበበ። መጥረጊያው ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። አሮጌው ሞተር አልተጣለም ነበርና አወጣሁት፤ በባትሪ ስሞክረው ይዞራል። የገዛሁት ያገለገለ ሞተር ነበር ችግር ያለበት፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ዘንጉ ዝጎ ተጣብቋል። አሮጌውን ከፍቼ የደረቀውን ግራሶ ጠርጌ በአዲስ ተካሁት፣ መልሼም ገጠምኩት። ምንም ያልጎደለውን ዕቃ ነበር የቀየርነው።

ማሞቂያው ሲበራ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ማለዳ ላይ መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ሳለ አብርቼ ከውጭ ቆሜ ተመለከትኩ። ሙቀት ባለበት መስመር ሁሉ ጭጋጉ እየሳሳ ሄደ፤ ሦስት መስመሮች ግን ከግማሻቸው በኋላ ምንም አላሳዩም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት መስታወቱ ላይ የነበረውን ጥቁር ላስቲክ በምላጭ ፍቄ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እነዚያ ቡናማ መስመሮች በመስታወቱ ላይ የተጋገረ ስስ የብር ቀለም ናቸው፤ ምላጭ አይችሉም። ላስቲክ የሚያነሣ ሰው በሙቅ ውኃና በሳሙና አርጥቦ፣ በመስመሮቹ አቅጣጫ በእጁ ቀስ እያለ ይላጠው።

የተቆረጠበትን ነጥብ ማግኘት በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። የቴስተሩን ጫፍ መስመሩን እንዳይጭር በሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚገኘው ብርማ ፎይል ጠቀለልኩት። ጥቁሩን ከመኪናው አካል አሰርኩ፤ ቀዩን በመስመሩ ላይ አንሸራተትኩ። ደህና መስመር ላይ ከፖዘቲቩ ወገን 12 ይጀምርና መሐሉ ላይ 6፣ መጨረሻው ላይ ዜሮ እየሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የተቆረጠው ላይ ግን 12፣ 12፣ 12 ይልና በድንገት ዜሮ ይሆናል። እዚያች ነጥብ ላይ በዓይን የማትታይ ጭረት አለች። ከውጭ በኩል በቾክ ምልክት አደረግሁ፣ በአልኮል ጠረግሁ፣ ከመስመሩ በላይና በታች ፕላስተር ለጥፌ የመስመሩን ስፋት ያህል ክፍተት ተውኩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የብር ቀለም በትንሽ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ቀለሟን ዘመድ ከዱባይ አምጥቶልኝ ነበር፤ ጠርሙሷ የጣት ጫፍ ታክላለች። አንድ ቀን ሙሉ ሳላበራ እንዲደርቅ ተውኩት።

በጥር ለጥምቀት ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ጣርማ በር ላይ ግን ብርዱ እንዳለ ነው፤ የኋላው መስታወት በትንፋሻችን ወዲያው ነጣ። ማብሪያውን ተጫንኩ። በመስታወቴ ሳይ መጀመሪያ ቀጫጭን አግድም መስመሮች ተከፈቱ፣ እየሰፉ ሄዱ፣ አንዱ ከአንዱ ተገናኙ። ታናሿ ልጄ ከኋላ ወንበር ዞራ፣ «አባዬ፣ አንዷ ወደ ኋላ ቀረች» አለችኝ። በብሩሽ የቀባኋት ሁለተኛዋ መስመር ነበረች። ጥቂት ቆይታ እሷም ጠራች፤ ከኋላችን የሚመጣው ሚኒባስ ታርጋው ሳይቀር ይነበብ ነበር።