ዜድ ወይስ ዚ?

ዛሬ ማታ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ቀን የሰማሁት የሁለት ሰዎች ክርክር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። እሷ የእንግሊዝኛውን የመጨረሻ ፊደል (Z) «ዜድ» ስትል እሱ «ዚ ነው እንጂ!» ብሎ አረማት። ዝም አለች። ያልለቀቀኝ ዝምታዋ ነው፤ አልተሳሳተችማ።

«ዜድ» የግሪኩ «ዜታ» ነው፤ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ህንድ፣ ካናዳም በአብዛኛው እንዲህ ይሉታል። «ዚ» ደግሞ የአሜሪካ ነው፤ ግን አሜሪካኖች የፈጠሩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1677 እንግሊዝ አገር በታተመው፣ ቶማስ ላይ (Lye) የተባለ ሰው ባዘጋጀው የፊደል መማሪያ ውስጥ ይገኛል። ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሲባል የሰማ አፍ የመጨረሻውንም ፊደል በዚያው ዜማ ጠራው፤ ነገሩ ይኸው ነው። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር በ1828 መዝገበ ቃላቱ «ዚ»ን አጸና። በ1835 ቦስተን ላይ የባለቤትነት መብት የወጣለት የፊደል መዝሙር ደግሞ ልጆች አፍ ውስጥ አስገባው። መዝሙሩ ላይ «ዚ» ከ«ቪ» ጋር ቤት ይመታል። «ዜድ» ሲባል ቤቱ ይሰበራል፤ «ዜድ» የሚሉ አገሮች ልጆችም መዝሙሩን ሲዘምሩ እዚያ ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ።

ከዜድ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የኤች ነገር ነው። አንዱ «ኤች» ይላል፣ ሌላው «ሄች»። «ሄች» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ያልተማረ ተደርጎ ይታያል። በሰሜን አየርላንድማ ከዚያም አልፎ የወገን ምልክት ሆኗል፦ «ኤች» የፕሮቴስታንቱ፣ «ሄች» የካቶሊኩ ተብሎ ይታወቃል። አንዲት ፊደል መጥራት የሰውን ሃይማኖት እስከማጋለጥ ስትደርስ ቀላል ነገር አይደለም።

«ኤች» የመጣው ከድሮው ፈረንሳይኛ «አች» ነው። ላቲን ተናጋሪዎች ፊደሏን መጀመሪያ «ሃ» ይሏት ነበር። በኋላ የህ ድምፅ ከአፋቸው ሲጠፋ «ሃ» እና «ኣ» አንድ ሆኑ፤ ፊደሏም ሌላ ስም አስፈለጋት። ይህን ለመረዳት ከእኛ በላይ ማን አለ? ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሲሆኑ ነው «ሃሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» ማለት ግድ የሆነው። ድምፅ ሲሞት ስም ይወለዳል። የእኛ ፊደል በተለመደው አጠራር ስሙም ድምፁም አንድ ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛውንም እንደዚያ እናየዋለን። እዚያ ግን ስሙ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። «ኤች» ውስጥ ህ የለችም፤ «ደብልዩ» በው አይጀምርም፤ «ዋይ» ግን በው ይጀምራል፣ ፊደሉ የው ሳይሆን የይ ሆኖ ሳለ።

ገና መጻፍ የሚጀምሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሠሩትን ስህተት ያየ ይህን አይረሳም። «ዊን» ሊጽፉ በዋይ ይጀምራሉ፤ «ቺክን» ሊጽፉ በኤች። ጆሯቸው ትክክል ነው፦ «ዋይ» ውስጥ ው አለ፣ «ኤች» ውስጥ ች አለ። ስለዚህ ስሙን ከድምፁ ለይቶ ማስተማር ያስፈልጋል። ድምፁ ሲነገር ደግሞ የእኛ ሳድስ እንደ ልብ ይሠራል። «ካት» ለማስነበብ በግዕዙ «ከ-አ-ተ» ከተባለ ልጁ ሦስቱን ገጣጥሞ «ከአተ» ይላል እንጂ ቃሉ አይመጣለትም፤ በሳድሱ «ክ-አ-ት» ከተባለ ግን ቃሉ ራሱ ይመጣል። ም፣ ስ እና ፍን ሳብ አድርጎ «ምምም» ማለት ይቻላል፤ ብ፣ ት እና ክ ግን አይሳቡም፣ ቶሎ ተቆርጠው ማለፍ አለባቸው። ሲሳቡ አናባቢ ይለጠፍባቸዋል፤ ችግሩም ያኔ ይጀምራል።

አናባቢዎቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የእንግሊዝኛው «ኤ፣ ኢ፣ አይ» ድሮ እንደ ሌላው አውሮፓ «አ፣ ኤ፣ ኢ» ነበር። ከ1400 እስከ 1700 ገደማ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ቦታቸውን ሲለቁ የፊደሎቹም ስም አብሮ ተንሸራተተ። ስለዚህ ፈረንሳዊ ስሙን ፊደል በፊደል ሲያስጽፍ «ኢ» ካለ የሚፈልገው የእንግሊዝኛውን አይ ነው። ጂ እና ጄም በፈረንሳይኛ ይገለባበጣሉ፤ ጂን «ዤ»፣ ጄን «ዢ» ይሉታል። ጀርመን ደግሞ ደብልዩን «ቬ» ስለሚለው፣ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ቪ መስሎት ይጽፋል።

ስልክ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ፣ ዚ፦ ዘጠኙም በኢ ያልቃሉ፤ የሚለያቸው የመጀመሪያዋ ቅጽበት ብቻ ናት። «ዜድ» ከዚህ መንጋ መውጣቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ «ዚ» እና «ሲ»ን መስመሩ ሲንሿሿ የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው። በተለመደው የስልክ መስመር የሚያልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለው ብቻ ነው። የስ ፉጨት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ይቆረጣል፣ «ኤስ»ም «ኤፍ» ይመስላል። «ኤም» እና «ኤን» ደግሞ ሁለቱም ከአፍንጫ ስለሚወጡ ይምታታሉ። መፍትሔው ታውቆ ያደረ ነው፤ በፊደሉ ስም ፈንታ በፊደሉ የሚጀምር ቃል መጥራት፦ ለኤ አልፋ፣ ለቢ ብራቮ፣ ለሲ ቻርሊ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 1956 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ይህ ዝርዝር የተለያየ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች ጆሮ የተፈተነ ነው። «ጁሊየት» መጨረሻዋ ላይ ሁለት ቲ የተደረገላት ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ቲዋን እንዳይውጣት ነው። ረጅም ቁጥር ወይም ስም ሲያስጽፉ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጡ መናገር፣ ሰሚውም የጻፈውን መልሶ እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል። «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሁሉም «አዎ» ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የፊደል ስም ጽሑፍንም ይቀይራል። በእንግሊዝኛ «አንድ» ለማለት ከአናባቢ ድምፅ በፊት «አን»፣ ከተነባቢ በፊት «ኤ» ይገባል። ስለዚህ «አን ኤምአርአይ»፣ ግን «ኤ ዩኤፍኦ»። ፊደሉ ሳይሆን ስሙ የሚጀምርበት ድምፅ ነው የሚወስነው። «ኤች» የሚል ሰው በኤች በሚጀምር ምህጻረ ቃል ፊት «አን» ይጽፋል፤ «ሄች» የሚል ደግሞ «ኤ»። ሁለቱም እንዳነጋገራቸው ትክክል ናቸው፤ አርታዒ ግን አንዱን መምረጥ አለበት።

አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል፣ እኔም ከዜድ ተነስቼ ኤች ላይ ተተክያለሁ። «ሄች» ስሟ ውስጥ ድምፁን ይዛለች፤ ለጀማሪ ልጅ ከ«ኤች» የተሻለች መሪ ናት ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግን ልጁ ነገ አድጎ ሰው ፊት «ሄች» ሲል ይንቁታል። የሚያስነብበውን ስም ላስተምረው ወይስ የሚያስከብረውን?