እጅ ያጠረው መጋዘን

አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ውስጥ በአስተርጓሚነት ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር። አለቃችን ስኮትላንዳዊ ነው። ወርሃዊ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ለፋይናንስና ለመጋዘን ይበተናል።

የዚያ ወር ሪፖርት ስለ አዳማው መጋዘን አንድ መስመር ነበረችው። ጭነቱ ሁለት ቀን የዘገየው መጋዘኑ «ሾርት ሃንድድ» ስለነበረ ነው ትላለች። መዝገበ ቃላት መግለጥም አላስፈለገኝ። ሾርት አጭር፣ ሃንድ እጅ። የእኛው እጅ ማጠር ቁጭ ብሎልኛል! «መጋዘኑ እጅ አጥሮት ስለነበር ጭነቱ ዘግይቷል» ብዬ ላክሁ። ጭራሽ «ጎበዝ!» ብዬ ራሴን አድንቄያለሁ።

በማግስቱ የፋይናንስ ኃላፊዋ ስቶር ኪፐሩን አስጠራቻቸው። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ለጡረታ ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የጫኝና አውራጁን ብር የለቀቅኩልዎት በወሩ መጀመሪያ ነው። እንዴት እጅ አጠረዎት?»

«ማን? እኔን?»

«ሪፖርቱ ነው እንዲህ የሚለው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ። ያቺን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ከጃኬታቸው ኪስ በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል አወጡና ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ መደርደር ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ፊርማ ልቀበል መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ገና አልገባኝም፣ ግን ያ እጅ እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

ሂሳቡ እስከ ሳንቲሟ ልክ ነበር። ግራ ቢገባን አለቃችን ጋ ገባን። «ገንዘብ? የምን ገንዘብ?» አለ። ለካ ሁለት ሠራተኞች ታመው ቀርተው ኖሮ ሰው አነሰን ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ሠራተኛውንም «እጅ» ይለዋል። መርከበኛ ገመድ ሳቢ ነውና የሚቆጠረው በእጅ ነው። ሥራ ሲከብድ «ኦል ሃንድስ» ተብሎ መርከበኛው በሙሉ ይጠራል። የፋብሪካና የእርሻ ሠራተኛውም «እጅ» ነው። ሰውየውን ትቶ እጁን ብቻ መቁጠር! እኛ ጋ ደግሞ እጅ ሲያጥር የጎደለው ብር ነው።

ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ እጅ ከፍንጅ ልታስይዢኝ ነበር እኮ!» አሉኝ። ይህን ለአለቃችን ስተረጉምለት ዓይኑ በራ። «ሬድ ሃንድድ!» አለ። ቃሉ ከአገሩ ነው የመጣው። በ15ኛው መቶ ዘመን የስኮትላንድ ሕግ ውስጥ «ቀይ እጅ» የሚል አነጋገር ነበር፤ ደሙ ከእጁ ሳይታጠብ የተያዘ ወንጀለኛ ማለት ነው። ኋላ ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1819 ባወጣው ልቦለድ ውስጥ ሲያስገባው በየአገሩ ተሰማ። ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግስት ሰሙና «እኔ ግን እጄ ንጹህ ነው» ብለው ደረሰኞቻቸውን መልሰው በላስቲክ አሰሩ።

እኔን ያሳሳተኝ መመሳሰሉ ነው። እንግዳ የሆነውን አባባል ሰው ይጠይቃል። አለቃችን ጨረታ «ሃንድስ ዳውን» አሸነፍን ሲል ጠይቄው፣ ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው ብሎኛል። ድሉ የተረጋገጠለት ጋላቢ ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ እጁን ያወርዳል፣ ያለ ጭንቅ ማሸነፍ ማለት ነው። ግን ጲላጦስ በማቴዎስ 27፥24 እጁን ስለታጠበ በሁለቱም ቋንቋ «እጄን ታጥቤያለሁ» ይባላል። የእኛ «ባጎረስኩ እጄ ተነከስኩ»ም እነሱ ጋ አቻ አለው። እነዚህ ገጥመው ሳይ ሁሉም የሚገጥም መሰለኝ። እነሱ «እጅ ስጠኝ» ሲሉ ግን አግዘኝ ማለታቸው ነው። እኛ ጋ እጅ የሚሰጠው የተማረከ ነው።

ይህንኑ ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሰሞን ለቆጠራ መጋዘን ሄጄ አንድ ካርቶን አልነሳ አለኝና «ጋሼ፣ እስኪ ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» አልኳቸው። ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና ከዱቄቱ ክምር ጋር ተጠግተው ቆሙ።